አንቱ የሌለበት ከተማ

ቅኔ ቤት ያደገ፣ ከጎጃም ወይም ከጎንደር ለአገልግሎት ወደ ድሬ ዳዋ የሚመጣ ካህን የመጀመሪያዋን ጠዋት ቶሎ አይረሳትም። ከባጃጅ ወርዶ ነጠላውን ሲያስተካክል አንዲት ትንሽ ልጅ እየሮጠች ትመጣለች። መስቀሉን ትሳለምና ቀና ብላ «አባ፣ ደህና አደርክ?» ትለዋለች። እናቷም ሺቲዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ብቅ ትላለች። «ግባ እንጂ አባ! ፀሐይ ላይ ምን አቆመህ? ቡናው ደርሷል።» እሱ ባደገበት አገር ቢሆን ልጅቷ ጆሮዋን ትቆነጠጥ ነበር። እዚህ ግን ነውር ያየ የለም። ወንበር ተስቦለታል፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞለታል፣ የቤቱ ትልቅ ሰው ተነሥቶ የተሻለውን ቦታ ለቆለታል። አክብሮቱ ሁሉ አለ፤ የጎደለው አንቱታው ብቻ ነው።

አማርኛ ሰውን በደረጃ የሚጠራ ቋንቋ ነው። «አንተ» እና «አንቺ» ለእኩያና ለታናሽ፣ «አንቱ» እና «እርስዎ» ለታላቅ፣ ለእንግዳና ለባለ ማዕረግ ተመድበዋል። ልጅ አፉን ሲፈታ ይህን አጥር አብሮ ይማራል። በሐረርና በድሬ ዳዋ አማርኛ ግን አጥሩ የለም። አያትም፣ መምህርም፣ ሐኪምም «አንተ» እና «አንቺ» ናቸው። ስለ ምክንያቱ ብዙ ይባላል። የዚህ አገር አማርኛ ከኦሮምኛ፣ ከሶማሊኛ፣ ከሐረሪና ከዓረብኛ ጋር አንድ ደጃፍ ላይ ነው ያደገው። በሶማሊኛና በዓረብኛ የዕለት ንግግር ሽማግሌውም ሕፃኑም በአመዛኙ በአንድ ተውላጠ ስም ይጠራሉ። ከተማዋም በወግ የሰፋች አይደለችም፤ በባቡር የመጣች ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም ከተራራው ሥር ቆመ። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመናዊው፣ ሕንዱ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በከዚራና በመጋላ ሰፈረ። አንዱ የሌላውን የማዕረግ ልክ እስኪያጠና የሚጠብቅ ጊዜ አልነበረም። እቃ መጫን፣ ውሃ መግዛት፣ ልጅ መዳር ነበረበት።

ለክርስቲያን አንባቢ ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ብዙዎቻችን የጨዋ ንግግርን ከአንቱታ ጋር አንድ አድርገን ተምረናል። አንቱታው ሲነሣ ግን ቃልን መልካም የሚያደርገው ምን እንደሆነ እንደገና መጠየቅ ግድ ይላል። ድሬዎች ለዚህ ጥያቄ በየቀኑ መልስ ይሰጣሉ፤ አንዳንዴ በሚያምር መንገድ፣ አንዳንዴም በሚያሳዝን።

አንድ ነገር አስቀድሞ ልብ ማለት ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ፈጣሪ ራሱ «አንተ» ነው። ስምህ፣ መንግሥትህ፣ ፈቃድህ እንላለን። እመቤታችንም «አንቺ» ናት። ከሁሉ በላይ ያለውን በቅርበት ቃል የሚጠራ ሕዝብ፣ መንደር ውስጥ ያለውን ሹም በሩቅ ቃል ይጠራል ማለት ነው። አንቱታም ብቻውን ዋስትና ሆኖ አያውቅም። «እርስዎ ውሸታም ነዎት» ማለት ይቻላል፤ ማዕረጉ ሳይጎድል ስድቡ ሙሉ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው፣ በእርስዎታ ተጠቅልሎ የሚሰጥ ንቀት ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ከፊራ ገበያ ጠዋት ላይ ነው የሚያምረው፤ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ቅጠል ላይ የተረጨው ውሃ ሳይደርቅ። ቀትር ሲደርስ ከተማው ጥላ ፍለጋ ይሰበሰባል። ሻጭና ገዥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቋንቋ ይለዋወጣሉ፤ በኦሮምኛ የተጀመረ ዋጋ በአማርኛ ይዘጋል። «የመጨረሻውን ንገረኝ አቦ።» «አቦ» የዚህ አገር ቅመም ነው። ከኦሮምኛው የአባት መጥሪያ ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ እንደ አነጋገሩ ልመናም፣ ቁጣም፣ ፍቅርም ይሆናል። ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። «ቁልቢን! ያመጣሁበትም አይደለም።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቁልቢ ገብርኤል ከድሬ ዳዋ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥተው በአዲስ አበባው መንገድ የሚደርሱበት ደብር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ራስ መኮንን እንዳሠሩት ይነገራል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከአገሪቱ ማዕዘናት፣ ከውጭም፣ ሕዝብ ይጎርፋል፤ ከሙስሊም ጎረቤት መካከልም ስለት የሚያገባ አለ። ሰዉ የሚሄደው ቃል ስላለበት ነው። ሲጨንቀው፣ ማንም ሳይሰማው፣ አንድ ነገር ተናግሯል፤ ልጅ ብታሰጠኝ፣ ከዚህ ሕመም ብነሣ ብሏል። ጥላ ይዞ፣ ሻማ ይዞ፣ ወርቅ ይዞ፣ በሬ እየነዳ፣ አንዳንዱም በእግሩ እየተጓዘ፣ የሚከፍለው ያችን በጨለማ የተናገራትን ቃል ነው። ቃልን እንደ ዕዳ የመቁጠር ልማድ ይህን ያህል ሥር የሰደደበት ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ያው የመልአኩ ስም ግን አንድ ኪሎ ሽንኩርት ላይም ይጠራል። «ማርያምን አያዋጣኝም»፣ «ገብርኤልን ትናንት በዚህ አልሸጥኩም።» ከጎረቤት የተወረሰው «ወላሂ»ም ክርስቲያኑ አፍ ላይ ገብቷል። ክርስቶስ በተራራው ስብከት መሐላን ጨርሶ የከለከለበት ምክንያት ገበያ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የሚምል ሰው፣ ሳይምል የሚናገረው ቃል ክብደት እንደሌለው በራሱ ላይ እየመሰከረ ነው። አዎን ማለቱ አዎን ከሆነ መልአኩን ምስክር አድርጎ መጥራት ለምን ያስፈልገዋል? ከፊራ ውስጥ ደንበኛቸው ሳይከራከር የሚገዛቸው ነጋዴዎች አሉ። የሚታወቁት ባለመማላቸው ነው። ዋጋውን አንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ የተበላሸውን ፍሬ ራሳቸው ያነሡታል። ደግ ንግግር ሲባል ለስላሳ ድምፅ ብቻ የሚመስለን ካለን፣ እነዚህን ሰዎች ማየት ይጠቅማል። እውነት መናገር ለገዥው የሚደረግ ቸርነት ነው፤ ጊዜውንም፣ ገንዘቡንም፣ በሰው ላይ ያለውንም እምነት ይጠብቅለታል።

በዚህ ከተማ ቃል ከሁሉ በላይ የሚመዘነው ግን ለቅሶ ቤት ነው።

መርዶ የራሱ ሕግ አለው። ሰው የሞተበት ሰው በስልክ አይነገረውም፣ ብቻውን አይነገረውም፣ ማታ አይነገረውም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ አንድ የሚከበር ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ይዞ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በር ያንኳኳል። የታመመ ከሆነ እስኪያገግም ይደበቃል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ይታሰባል። ሰውዬው ባዕድ አገር ቢሆን እንኳ ወሬው ወደ እሱ አይላክም፤ በዚያ ከተማ ወዳለ ወዳጁ ይላካል፣ ወዳጁም ሌሎችን አስተባብሮ እስከ ቤቱ ይሄዳል። ልጆቿ በጅቡቲና በዓረብ አገራት ለተበተኑባት ድሬ ዳዋ ይህ ሥርዓት የሩቅ ወግ አይደለም። ይዘቱን መለወጥ አይቻልም፤ ሞት ሞት ነው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮ የሚቀመጠውን ሰው ግን መምረጥ ይቻላል። መጽሐፈ ምሳሌ በጊዜው የተነገረ ቃልን ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር የሚያነጻጽረው ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ስለነበረው ይመስላል።

ከመርዶው በኋላ ደግሞ የማጽናኛው ቃል አለ። ክርስቲያን ወደ ክርስቲያን ቤት ሲገባ «እግዜር ያጽናሽ»፣ «ነፍሱን ይማር» ይላል። ወደ ሙስሊም ጎረቤት ሲገባ ግን ድሬ ያደገ ሰው ቃሉን በር ላይ ይቀይራል። «አላህ ይርሐመው» ይላል፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ይላል። ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑ ሲመጣ «ነፍስ ይማር» ማለትን ያውቅበታል። ይህን ያስተማረ ትምህርት ቤት የለም። እድር ያስተማረው ነው፣ አንድ ድንኳን ሥር መቀመጥ ያስተማረው ነው። ይህን እንደ መደባለቅ የሚያዩ ጥብቅ አማኞች በሁለቱም ወገን አሉ፤ ሥጋታቸውም መናቅ የለበትም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ የቃልን መስፈሪያ ያደረገው የሚሰማውን ሰው ነው፤ ንግግራችሁ ለሚያስፈልገው ሰው የሚጠቅምና ጸጋ የሚሰጥ ይሁን በሚል መንፈስ። ሐዘንተኛ ደግሞ የሚያጽናናው ለቅሶ ደራሹ የሚወደው ቃል አይደለም፤ እሱ የሚያውቀው፣ እናቱ ስትለው የሰማው ቃል ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ በር ላይ ቃሉን የሚቀይረው ክርስቲያን እምነቱን አልቀየረም። ጳውሎስ ያለውን ነው ያደረገው።

ድሬ ዳዋ ቃል ያጠራትም ጊዜ ነበር። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፣ በዳርቻው ይሸጥበታል፣ ይለወጥበታል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም ሲያልቅ ግን አንድ ሌሊት፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ በሐረርጌ ተራሮች ላይ የወረደ ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሌሎች ብዙዎች የገቡበት ጠፋ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ሬሳው የተገኘለት ቤተሰብ ቀብሮ አለቀሰ። ያልተገኘለት ግን ምን ይባላል? «ነፍሱን ይማር» ማለት ተስፋን መቁረጥ ነው፣ «ይመጣል» ማለት ደግሞ መዋሸት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚበጀው ምንም ሳይሉ አብሮ መቀመጥ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም መልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው መሬት ላይ የተቀመጡ ጊዜ ነበር፤ ጥፋታቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ጀመረ።

የዚያ ጎርፍ ጠባይ ለሌላም ነገር ምሳሌ ይሆናል። ያዕቆብ በመልእክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ምላስን ጫካ ከሚያነድ ትንሽ እሳት ጋር ያመሳስላል፤ ልጓምና የመርከብ መሪም ይጠቅሳል። ድሬ ዳዋ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ግን ደቻቱን ይጠቅስ ነበር። ዝናቡ ከተማው ላይ አይወርድም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ከዋክብት ወጥተው ሊሆን ይችላል። የሚወርደው ሌላ ቦታ፣ ተራራ ላይ ነው፤ ሰዉ ድምፁን ሲሰማ ውሃው ደጁ ደርሷል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚመጣ ወሬም ጠባዩ ይኸው ነው። በከተማው ውስጥ ማንም ማንንም ሳያስቀይም፣ ሌላ ቦታ የተነገረ፣ ምናልባትም ባሕር ማዶ የተቀረጸ አንድ የድምፅ መልእክት ሌሊት ይደርሳል። «እነሱ እንዲህ አደረጉ» ይላል። «እነሱ» የተባሉት ሰዎች ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው።

የፍቅር ከተማ እየተባለች የምትሞካሸው ድሬ ዳዋ ከዚህ አላመለጠችም። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም በጎዳናዎቿ ጠብ ተነሥቶ ደም ፈስሷል፣ ንብረት ወድሟል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ከተማዋ ፍቅር ብቻ መጻፍ ውሸት ይሆናል። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185ን አወጣ። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ የተነሣ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል።

ሕጉ የሚጀምረው ቃሉ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ወንጌል ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው የሚጀምረው። በማቴዎስ አምስተኛው ምዕራፍ ወንድሙን የሚሰድብ ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ ትምህርት ውስጥ ተነሥቷል፤ በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ሰው ስለ ተናገረው ስለ ከንቱ ነገር ሁሉ መልስ እንደሚሰጥ ተነግሯል። የተላለፈ የድምፅ መልእክት የላኪው ብቻ አይደለም። «እኔ አልተናገርኩትም፣ አስተላለፍኩት እንጂ» የሚለው መከላከያ ፍርድ ቤት ይሠራ ይሆናል፤ ጎርፉን ግን ወደ ታችኛው ሰፈር የሚያደርሰው የመካከለኛው ሰፈር ቦይ ነው።

በክርስቲያኖች መካከል ያለው አነጋገርም ከጎረቤት ጋር ካለው የተሻለ ነው ብሎ መናገር ያስቸግራል። ኦርቶዶክሱ ፕሮቴስታንቱን «መናፍቅ»፣ «ፀረ ማርያም» ሲል ኖሯል። ፕሮቴስታንቱ ኦርቶዶክሱን ገና ወንጌል እንዳልሰማ ሰው ሲቆጥር፣ አምልኮቱን «ባዕድ» ሲል ኖሯል። «ጴንጤ» ሲነሣ መዝለፊያ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ራሳቸውን በዚሁ ስም ስለሚጠሩ መርዙ በከፊል ወጥቶለታል። ቃሉን የሚናገረው ሰው ትክክለኛ ትምህርት እየጠበቀ ይመስለዋል። የሚሰማው ሰው ግን ትምህርት አይሰማም፤ እናቱ ስትሰደብ ይሰማል።

ድሬ ዳዋ ለዚህ የሚሆን አንድ የተረሳ ታሪክ አላት። የካፑቺን መነኮሳት የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በዚህች ከተማ ይሠራ ነበር። በዚያ ማተሚያ ቤት በ1929 እ.ኤ.አ. አንድ ወፍራም የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ታተመ። ያዘጋጀው ላዛሪስት የተባለው የካቶሊክ ማኅበር ካህን የሆነው ዦዜፍ ቤትማን ነው። ካቶሊኮችና ኦርቶዶክሶች በዚህ አገር ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ በቃልም በሰይፍም ተጎዳድተዋል። ይህ ሰው ግን የሌላውን ሕዝብ ቃል አንድ በአንድ ሰምቶ፣ ሰው በየቤቱ የሚናገረውን ለቅሞ፣ ፍቺ እየሰጠ አስቀመጠ። መዝገበ ቃላት መሥራት ለሚሰሙት ሰው ትልቅ ክብር ነው። ሌላው የሚለውን እሱ በሚለው መልክ ማወቅ ሳይቀድም ስለ ሌላው እምነት መናገር የሚያስከትለውን ጉዳት በየመድረኩ እናያለንና፣ የቤትማን ትዕግሥት ዛሬም ይፈለጋል።

ቃል አፍርሶ ቃል የጠገነበት የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ተሰደዱ፤ አገር ውስጥና ውጭ ሁለት ሲኖዶሶች ቆሙ፤ ውግዘትም ተለዋወጡ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ምእመኑ ተከፈለ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም ዋሽንግተን ላይ እርቅ ሲወርድ ከባዱ ነገር ሁለት ፓትርያርኮች በአንድ መንበር እንዴት ይሆናሉ የሚለው ነበር። መፍትሔውን የሰጡት በጥንቃቄ የተመረጡ ጥቂት ቃላት ናቸው። አቡነ ማትያስ የአስተዳደሩን ሥራ ይመራሉ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ ያገለግላሉ ተባለ። ማንም «ተሸነፈ» አልተባለም። ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ በዚያው ሐምሌ አገራቸው ገቡ፤ በ2014 ዓ.ም እስኪያርፉ ድረስም በአገራቸው ኖሩ። ሰነዱን ያረቀቁት ሽማግሎች እያንዳንዱን ቃል ከሁለቱም ወገን ጆሮ እንደመዘኑት ከውጤቱ ይታያል።

ይህ ሲባል ደግ ንግግር ሁልጊዜ ለስላሳ ነው ማለት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ጣሊያኖች የረሸኗቸው አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ሲጠየቁ እምቢ ብለዋል፤ ይልቁንም ለወራሪ የሚገዛውን አውግዘዋል። የዚያን ቀን ለስላሳ ቃል ክህደት ይሆን ነበር። ልዩነቱ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በመመልከት ይታወቃል፤ አቡኑ ለተናገሩት ጠንካራ ቃል በሕይወታቸው ከፈሉ። በሌላ ሰው ሕይወት የሚያስከፍል ጠንካራ ቃል ግን የጀግንነት ስም አይገባውም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ምግብ ቤቶች በያይነቱ ያወጣሉ። ሥጋና ወተት ለ55 ቀን ይቀራሉ። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው የጾመው ሆድ ብቻ እንዳይሆን ያሳስባል፤ ዓይንም ይጹም፣ አንደበትም ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይከልከል የሚል ነው መልእክቱ። ከሦስቱ የጆሮው ነገር ያስገርማል። ሐሜት የሚናገር ብቻውን አይችልም፤ ሰሚ ይፈልጋል። በግብፅ በረሃ የነበረው አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምድ ሦስት ዓመት በአፉ ድንጋይ ይዞ እንደኖረ ስለ እሱ የተጻፈው ይናገራል። ሦስት ዓመት ብዙ ነው። አንደበት ባንድ ሱባኤ እንደማይገራ የሚያውቅ ሰው ነው ያን ያህል የሚታገሠው። ድሬ ላይ ደግሞ ድንጋይ መያዝ አይቻልም፤ ሰው ሲያልፍ «ሰላም ነው?» ካላሉት «ምን አስቀየምኩት?» ብሎ ይጨነቃል። ዝምታ እዚህ አገር እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ድሬ የሚኖር ክርስቲያን ጾመ ልሳኑን እየተናገረ መጾም አለበት፤ ከአጋቶን የከበደ ባይሆንም የቀለለ አይደለም።

ለዚህ ጾም ትልቁ ፈተና ደግሞ ቡና ነው።

አመሻሹ ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ መጋላ ውስጥ ባለ አንድ የጋራ ግቢ ረከቦቱ ይወጣል። ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው፤ ዕጣኑ ለሁሉም ይጨሳል። አቦል ሲጠጣ ወሬው ስለ ኑሮ ነው፤ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ልጆች ፈተና። ቶና ላይ ምላስ ይላላል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሚያመልጠውም ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው። የአንዲት ጎረቤት ስም ይነሣል። ሦስት ቀን ቡና ላይ አልመጣችም። አንዷ «ባሏ ጋር ተጣልታ ነው» ትላለች። ሌላዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኧረ እኔስ የሰማሁት ሌላ ነው» ብላ ወንበሯን ታስጠጋለች።

ጀበናውን የያዘችው አሮጊት ቀና ትላለች። አትቆጣም፣ ጥቅስም አትጠቅስም። ወደ ግቢው በር ዞራ ኳስ የሚያንከባልለውን ልጅ ትጣራለች።

«አንተ ልጅ! ሂድና ጥራት። በረካው ሳይቀዳ ድረሽ ብላሻለች በላት።»

ልጁ ይሮጣል። ያችኛዋ ወንበሯን ወደ ቦታዋ ትመልሳለች። አንዷ ተነሥታ አንድ ስኒ ታለቀልቃለች።